ለሰርግ ኮሎራዶ እየመጣን ነው፤ እናቴን የት ልውሰዳት?

የደብረ ብርሃኗ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ወንድሜ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ አውሮራ ውስጥ ሊያገባ ነው። እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከፋሲካ ጀምሮ እኔ ጋ ናት፤ አብረን ነው የምንሄደው። ከሰርጉ በኋላ ጥቂት ቀን ይተርፈናል፣ መኪናም እንከራያለን።

ችግሩ ስለ ኮሎራዶ የማውቀው ነገር የለም። ባለቤቴ «ስኪ ካልተንሸራተታችሁ ምን ልታዩ ነው?» ይላል። ወንድሜ እዚያ ዓመታት ኖሮ የሚያውቀው ኤርፖርቱንና የሚሠራበትን መጋዘን ነው። እማዬ ደግሞ የገበሬ ልጅ ናት። ትኬት ተቆረጠ ስላት የጠየቀችኝ ሌላ ነው፦ «አገሩ ደጋ ነው ቆላ? ዝናቡስ እንዴት ነው? ወንዙ ወዴት ነው የሚሄደው?» አንዱንም መመለስ አልቻልኩም።

ደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒት ትወስዳለች። ከፍታው ራስ ያዞራል ሲሉ ሰምቼ ትንሽ ፈርቻለሁ። ልብስስ ምን እንያዝ? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ኮልፋክስ ሰፈር

እንኳን ደስ ያላችሁ! ስለ ምግብ አታስቢ። አውሮራ ውስጥ ሃቫና መንገድና ኢስት ኮልፋክስ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። ረቡዕም ይሁን ዓርብ እናትሽ የጾም በያይነቱ አያጡም። ተራራውን ግን እኔ ከሥራ ስመለስ በመኪና መስታወት ነው የማየው። ስለ እሱ ሌላ ሰው ይንገርሽ።

ባለ አሥራ ስምንት ጎማ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ባለቤትሽን ለጊዜው ተዪው፤ ደህና ጥያቄ የጠየቁት እናትሽ ናቸው። እኔ ነዋሪነቴ አውሮራ ነው፣ ትራክ እነዳለሁ። ስቴቱን ከካንሳስ ድንበር እስከ ዩታ ድንበር አውቀዋለሁ። በእንቅልፍ ልቤ አልልም፣ ሾፌር እንዲህ አይልም።

መጀመሪያ ደጋና ቆላውን እንጨርስ። በጣም ዝቅ ያለ ቆላ የለውም። የስቴቱ ዝቅተኛ ቦታ በካንሳስ ድንበር ላይ ያለ የወንዝ ዳር ነው፤ እሱ ራሱ ከባህር ወለል በላይ 1,010 ሜትር ገደማ ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፣ በእነሱ ልኬት ልክ አንድ ማይል። የስቴቱ ምክር ቤት ሕንፃ (ካፒቶል) ደረጃ ላይ ምልክት ተደርጎበታል፣ ሰው እየቆመ ፎቶ ይነሳበታል። አዲስ አበባ ከዴንቨር በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ1,200 ሜትር በላይ። ስለዚህ ለእናትሽ ዴንቨር መውረድ ነው። ከፍተኛው ተራራ ኤልበርት ይባላል፣ 4,401 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን ያንሳል። ነገር ግን ከ4,260 ሜትር በላይ የሆኑ ጫፎች ከ50 ይበልጣሉ፣ እኛ አገር ይህ የለም።

ስፋቱ የኢትዮጵያን ሩብ ያህላል። ሕዝቡ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው የሚኖረው በተራራው ሥር በአንድ መስመር ላይ ነው፦ ፎርት ኮሊንስ፣ ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ ፑዌብሎ። ከዚያ መስመር ወደ ምሥራቅ እስከ ካንሳስ ድረስ ሜዳ ነው፤ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ከብት፣ ንፋስ። ይህ ሜዳ ከስቴቱ አምስት እጅ ሁለቱን ይይዛል። እንግዳ ግን አንድም ቀን አያየውም። ኤርፖርቱም ያለው ሜዳው ላይ ነው፣ ለዚህ ነው ከአውሮፕላን የወረደ ሁሉ «ተራራው የታለ?» የሚለው። ወደ ምዕራብ ዙሪ፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ ተዘርግቶ ታዪዋለሽ።

ዝናቡም የዚሁ ተራራ ጉዳይ ነው። እርጥብ አየር በአብዛኛው የሚመጣው ከምዕራብ፣ ከፓሲፊክ በኩል ነው። ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና በዊንተር ስኖው ሆኖ እዚያው ይራገፋል። ወደ እኛ ሲሻገር ደርቋል። ዴንቨር በዓመት የምታገኘው 360 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የአዲስ አበባን ሲሶ። ማስታወቂያው «በዓመት 300 ቀን ፀሐይ» ይላል። እሱን ማስታወቂያ ነውና ተዪው፤ ፀሐዩ ብዙ መሆኑ ግን እውነት ነው። ዴንቨር ላይ ስኖው ቢጥልም ቶሎ ይቀልጣል። ከሁሉም ወር ብዙ ስኖው የሚጥልብን በማርች ነው፣ ሰው ዊንተር አለቀ ብሎ ካፖርቱን ሲሰቅል።

የእኛ መቅሰፍት በረዶ ነው። ከሜይ እስከ ኦገስት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና የጎልፍ ኳስ የሚያክል ይወርዳል። በሜይ 8 ቀን 2017 የወረደው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት አድርሷል። እናንተ በምትመጡበት ሰሞን ይህ አልፏል። ቀን 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊት ወደ 10 ይወርዳል። ላይ ግን ሌላ ነው፤ በየሺህ ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፣ ስኖውም ሊጥል ይችላል። ሹራብ፣ ጃኬት፣ የፀሐይ ቅባት ያዙ።

አሁን የት ትሂዱ? እኔ ብሆን አንድ ቀን እንዲህ አደርገዋለሁ። በጠዋት ከአውሮራ ውጡና ሀይዌይ 285ን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ንዱ። ኬኖሻ ፓስ (ፓስ ማለት የተራራ መሻገሪያ ነው) 3,048 ሜትር ላይ ነው። በመስቀል ሰሞን አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ መኪና ማቆሚያ አይገኝምና በሥራ ቀን ሂዱ። ከኬኖሻ ስትወርዱ ሳውዝ ፓርክ ይከፈትላችኋል። ፓርክ ሲባል አጥር ያለው መናፈሻ እንዳይመስልሽ። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ዙሪያውን ተራራ ነው። እናትሽ «አቁሚልኝ» የሚሉት እዚህ ነው። ንፋሱ ያንሰፈስፋል፣ ጋቢያቸው አይረሳ።

ፌርፕሌይ ላይ ቡና ጠጡ። ከዚያ በሀይዌይ 9 ሁዚየር ፓስን ውጡ፣ 3,518 ሜትር ነው። የወንዙን ጥያቄ የምትመልሺላቸው እዚያ ቆመሽ ነው፣ ዝርዝሩን እመለስበታለሁ። በወዲያኛው በኩል ብሬክንሪጅ አለ፤ ድሮ የወርቅ ከተማ ነበር፣ አሁን የባለቤትሽ ስኪ ነው። ከዚያ የዲሎንን ሐይቅ አይታችሁ አይ 70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ተመለሱ። አይዘንሃወር የሚባለው ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቆፈረው፣ በ1973 ነው የተከፈተው። ከዋሻው ወዲህ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው። ፍሬን ላይ ተኝተሽ አትውረጂ፣ ማርሽ ቀንሺ። ከመንገዱ ጎን ወደ ላይ የሚወጣ የጠጠር መንገድ ታያለሽ። ፍሬን ለከዳው ትራክ የተሠራ ነው። እባካችሁ እዚያ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ፣ እኛ እየመጣን ይሆናል።

ሌላም፦ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ተራራማ ክፍል ለስኖው የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። የኪራይ መኪናውን ጎማ ሳታዪ አትፈርሚ።

ሁሉም የሚያወራለት ሮኪ ማውንቴን ፓርክም አለ። በ1915 የተቋቋመ ነው። ውብ ነው፣ በሴፕቴምበርም ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን ሲጮህ ይሰማል። ነገር ግን በሰዓት የተወሰነ መግቢያ አስቀድሞ መያዝ ይጠይቃል፣ ስኖው ከጣለ ደግሞ የላይኛው መንገድ ይዘጋል። ለእግራቸው ቀላል የሚሆነው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው ጋርደን ኦፍ ዘ ጎድስ ነው። ቀይ ድንጋይ ቀጥ ብሎ የቆመበት ቦታ ነው፣ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ ክፍያ የለውም።

ሲስተር ዴንቨር

ነርስ ነኝ። ከላይ ወንድማችን ጥሩ ብሏል፣ አንድ ነገር ግን ላስተካክል። «የደብረ ብርሃን ሰው ስለሆኑ ምንም አይሉም» ብለሽ እንዳትዘናጊ። እናታችን ከፋሲካ ጀምሮ ቨርጂኒያ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ናቸው። ሰውነት ከፍታን የለመደውን ያህል በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። አሁን እሳቸውም አንቺም እኩል ናችሁ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሪ። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ በተለይ ጠይቂ፣ አየሩ ደረቅ ነውና ፈሳሽ ያጥራቸዋል። ከፍታ ራሱ ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ መለኪያውን ይዘሽ ነይ። ሰርጉ መጀመሪያ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ዴንቨር ሁለት ሦስት ሌሊት አድራችሁ ነው የምትወጡት። ብሬክንሪጅ እንዳታድሩ፣ እዚያ ከ2,900 ሜትር በላይ ነው፤ ሰው የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ ሲያድር ነው። ውሃ ይጠጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ አትቀጥሉ፣ ውረዱ። ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ግን ወዲያው 911።

የሰርጉ ማግስት ለተራራ አይሆንም። ጠጁም አለ፣ እንቅልፉም የለም።

የደብረ ብርሃኗ

እግዜር ይስጥልኝ! ሁሉንም ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። «ቆላ የለውም» የሚለው ላይ ሳቀች። ጋሼ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ፣ የወንዙን ነገር እመለስበታለሁ ብለው ነበር፣ አልተውዎትም። ሌላም ጨምራለች፦ «ከነዚህ በፊት ማን ነበረበት?»

ባለ አሥራ ስምንት ጎማ

መጣሁ። ካንሳስ ላይ ጭነት እያራገፉልኝ ነው፣ ጊዜ አለኝ።

ወንዙ እንግዲህ። ሁዚየር ፓስ ላይ ስትቆሙ የአሜሪካ ውሃ የሚለያይበት መስመር ላይ ናችሁ። በስተደቡብ የሚወርደው ሳውዝ ፕላት ይሆናል። ዴንቨርን አቋርጦ ነብራስካ ይገባል፣ ከዚያ በሚዙሪና በሚሲሲፒ በኩል ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። በስተሰሜን የሚወርደው ብሉ ሪቨር ነው፤ ኮሎራዶ ወንዝ ውስጥ ይገባና ወደ ዩታ፣ አሪዞና፣ ካሊፎርኒያ ይሄዳል። አርካንሳስና ሪዮ ግራንዴም የሚነሱት ከዚሁ ስቴት ነው። ለእናትሽ ባጭሩ፦ ከዚህ ይወጣል እንጂ ወደዚህ የሚመጣ ወንዝ የለም ማለት ይቻላል።

ጉዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ከውሃው 80 በመቶ ገደማ በምዕራቡ በኩል ይወርዳል። ከሕዝቡ ከ80 በመቶ በላይ ደግሞ በምሥራቅ ይኖራል። ስለዚህ ተራራውን በሱት። የዲሎን ሐይቅ የተፈጥሮ አይደለም፣ በ1963 የተጠናቀቀ ግድብ ነው። የድሮው ዲሎን ከተማ ተነሥቶ ቦታው ውሃ ሥር ሆኗል። ከሐይቁ ሥር 37 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ውሃውን ወደ ዴንቨር ያመጣል። ወደ ፓሲፊክ ሊሄድ የነበረ ውሃ ነው እዚህ ሣር የሚጠጣው።

በ1922 ሰባት ስቴቶች ተሰብስበው የኮሎራዶን ወንዝ ተከፋፈሉ። በኮሎራዶ በኩል ነገሩን የያዘው ዴልፍ ካርፔንተር የሚባል የግሪሊ ጠበቃ ነበር። ፍርሃቱ ለእኛ አዲስ አይደለም። ታች ያለው ቀድሞ መስኖና ግድብ ሠርቶ «የቆየ መብት አለኝ» ካለ፣ ላይ ያለው ከገዛ ምንጩ እንዳይቀዳ ይከለከላል ነው የሚለው። ዓባይን ያወቀ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ልዩነቱ፣ እዚህ የላይኛውም የታችኛውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሜክሲኮ ግን አልተጠራችም፣ ድርሻዋ በውል የታወቀው በ1944 ነው። ነባሮቹ ሕዝቦችም አልተጠሩም። ደግሞ ሲካፈሉ የያዙት ልኬት ዝናብ የበዛባቸውን ዓመታት ነበር። በወረቀት ያለው ውሃ በወንዙ ካለው በለጠ፣ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ወንዙ ራሱ አሁን ባሕር ሳይደርስ ይደርቃል።

ማን ነበረበት ለሚለው፦ ተራራው የዩት ሕዝብ ነበር። ሜዳው የሻየንና የአራፓሆ። በደቡብ ምዕራብ ጥግ ሜሳ ቨርዴ ላይ ደግሞ ገደል ውስጥ በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ ባለቤቶቹ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቀው ሄዱ፣ ልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ኒው ሜክሲኮና አሪዞና ናቸው። ከአውሮራ ሩቅ ነው፣ በዚህ ጉዞ አይሆንላችሁም።

በ1851 የአሜሪካ መንግሥት ይህ ሜዳ የሻየንና የአራፓሆ ነው ብሎ ፈረመ። በ1858 ወርቅ ተገኘ። ፊርማው ተረሳ፣ ዴንቨር በዚያው ዓመት በዚያው መሬት ላይ ተቆረቆረች። በኖቬምበር 29 ቀን 1864 ጆን ቺቪንግተን የሚባል ኮሎኔል፣ ቀድሞ የሜቶዲስት ሰባኪ የነበረ ሰው፣ ወታደር ይዞ ሳንድ ክሪክ በሚባል ወንዝ ዳር ሜዳው ላይ የሰፈሩትን የሻየንና የአራፓሆ ሰዎች ገሠገሠባቸው። መሪያቸው ብላክ ኬትል ሰላም ይሆናል ብሎ የአሜሪካን ባንዲራና ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ ነበር። 230 ያህል ሰው ተገደለ፣ አብዛኛው ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ። ሳይለስ ሶል የሚባል ሻምበል ወታደሮቹን አልተኩስም ብሎ አቆመ፣ በኋላም በምርመራው መሰከረ። በ1865 ዴንቨር መንገድ ላይ ተገደለ። ኮሎራዶ ስቴት የሆነችው ከዚያ በኋላ፣ በ1876 ነው። በግድያው ጊዜ ገዢ በነበረው በጆን ኤቫንስ ስም ይጠራ የነበረው ከዴንቨር የሚታየው ተራራ፣ በ2023 ስሙ ተነሥቶ ብሉ ስካይ ተብሏል።

እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ አንዱን ቀን ወደ ተራራው፣ አንዱን ቀን ወደ ሳንድ ክሪክ ነው የምወስደው። ግማሹን አገር ሳያዩ ኮሎራዶን አየሁ ማለት አይገባኝም።

የግሪሊው

ወንድሜ፣ ሰው ሰርግ መጥቶ የግድያ ቦታ ይወሰዳል? ደግሞ መንገዱ ሜዳ ብቻ ነው፣ እንቅልፍ ነው የሚወስዳት። እህቴ እኔን ስሚኝ፣ እናትሽን ብላክ ሆክ ውሰጂያቸው። የድሮ የወርቅ ከተማ ነው፣ መንገዱ ያምራል፣ ካዚኖም አለ።

ሲስተር ዴንቨር

የደብረ ብርሃን እናት ካዚኖ! 😂

ሯጩ

ቦልደርን ማንም አላነሳም? በሜይ መጨረሻ በሚካሄደው የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ የእኛ ልጆች ደጋግመው ያሸነፉበት ከተማ ነው፤ ማሚቱ ዳስካን የማያውቃት የለም። ከዴንቨር አንድ ሰዓት አይሞላም። የከተማው ጀርባ ላይ ያለው ፍላትአይረንስ የሚባለው የድንጋይ ተራራ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ባለ አሥራ ስምንት ጎማ

ሯጩ ልክ ነህ፣ ቦልደር ለግማሽ ቀን ጥሩ ነው።

የግሪሊው፣ «ማን ነበረበት?» ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አልጀመርኩም። ሜዳውም ለእንቅልፍ አይደለም፤ በሴፕቴምበር የበቆሎው መኸር ነው፣ የገበሬ ልጅ እንቅልፍ አይወስዳትም። ቦታው ላይ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ከ2007 ጀምሮ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ነው። ከፍ ካለ ቦታ ሆነሽ የደረቀውን የወንዝ ዳርና ዛፎቹን ታያለሽ፣ ያው ነው። የሻየንና የአራፓሆ ልጅ ልጆች እየመጡ ይጸልዩበታል።

መንገዱ ግን ሩቅ መሆኑን አልክድም፣ ከአውሮራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከደከማቸው ዴንቨር መሐል ሂስትሪ ኮሎራዶ የሚባለው ሙዚየም ስለዚሁ ጉዳይ ትልቅ ክፍል አለው፤ ከጎሳዎቹ ጋር ሆነው ነው ያሰናዱት። ወንበርም አለ፣ ጥላም አለ።

የደብረ ብርሃኗ

እማዬ ሁለቱንም ትላለች፣ ሙዚየሙንም ቦታውንም። «ሜዳ ለምን አይታይም፣ ምን ሆነ?» ነው ያለችው። ካዚኖውን አስረድቻት ተሳለቀችብኝ። ፕሮግራሙ እንግዲህ፦ ሰርግ፣ አንድ ቀን እረፍት፣ ሙዚየም፣ የኬኖሻ ዙር፣ ከዚያ ሳንድ ክሪክ። ባለቤቴ ስኪው የሌለበት ሰሞን መሆኑን አሁን ነው ያወቀው።

ጋሼ፣ ወደ ሳንድ ክሪክ ነዳጅና ምግብ የት እናገኛለን?

ባለ አሥራ ስምንት ጎማ

ነዳጅ ኢድስ የምትባለው ትንሽ ከተማ ላይ ሙሉ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ምግብ ከቤት ቋጥሩ፣ ውሃም በደንብ ያዙ። ቦታው የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት በዋዜማው አረጋግጪ። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ማይሎች አስፋልት አይደሉም። በዋዜማው ዝናብ ከጣለ በኪራይ መኪና አትግቡ፣ ቀኑን ከኬኖሻው ጋር ቀያይሩት።

ለሙሽሮቹም ሰላም በይልኝ።